«አይሆንህም» የሚል ሻጭ

አዲስ አበባ ውስጥ አንዲት አሮጌ መኪና መንገድ መሐል ቀጥ ብላ ስትቆም ሦስት ዓይነት ሰዎች ይሰበሰባሉ። አንደኛው ገፊ ነው። ምክንያት አይጠይቅም፤ ጃኬቱን ለጓደኛው አስይዞ ትከሻውን ያስጠጋል። ሁለተኛው መካሪ ነው። እጁን ኪሱ ውስጥ እንደከተተ «ካንዴላዋ ነው» ይላል። አጠገቡ ያለው «የለም፣ ባትሪዋ ነው» ብሎ ይቃወመዋል። ክርክሩ ይደራል፣ ባለመኪናው ይረሳል። ሦስተኛው ግን ዝም ብሎ ከቆየ በኋላ አንዲት ጥያቄ ብቻ ይጠይቃል።

«ቤንዚን ይደርሳታል?»

ልብ በሉ፤ «ቤንዚን አላት ወይ?» አላለም። ቤንዚንማ ይኖራት ይሆናል፤ ታንኳም ጢም ያለ ሊሆን ይችላል። ሰውዬው የጠየቀው ያለው ነገር ከሚፈለግበት ቦታ ይደርሳል ወይ ነው። ይኼ ጥያቄ ለስንቱ መሥሪያ ቤታችን ይሆን ነበር! ዛሬ ግን ነገራችን ስለ መኪና ነውና ወደዚያው።

በታንኩና በካርቡራተሩ መካከል ሆና ቤንዚኑን የምታደርሰው የቤንዚን ፓምፕ ናት። ከጭብጥ የማትበልጥ፣ ቅባትና አቧራ የለበሰች፣ ማንም ዞር ብሎ የማያያት ዕቃ ናት። ሰው መኪና ሲገዛ ቀለሙን ያያል፣ ጎማውን በእግሩ ጠለዝ ያደርጋል፣ ሬዲዮውን ይሞክራል። «እስቲ የቤንዚን ፓምፗን አሳየኝ» ያለ ገዢ ግን እስካሁን አላጋጠመኝም።

ለመሆኑ መኪና ከጥንት ጀምሮ ፓምፕ ነበረው? አልነበረውም። በ1900 ዓ.ም. ገደማ ቤድ ቤንትሊ የሚባል እንግሊዛዊ ሲድሊ የተባለችውን መኪና ከጅቡቲ በኩል አምጥቶ ለአፄ ምኒልክ ሲያቀርብ፣ የዚያ ዘመን መኪኖች በአብዛኛው ቤንዚን የሚያገኙት በሁለት መንገድ ነበር። ወይ ታንኩ ከሞተሩ ከፍ ብሎ ይቀመጥና ቤንዚኑ እንደ ምንጭ ውኃ በራሱ ይወርዳል፤ ወይ ደግሞ ታንኩ ውስጥ አየር እየተነፋ ቤንዚኑ በግፊት ይሄዳል።

በራሱ ሲወርድ ጥሩ ነው፤ ችግሩ ዳገት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1908 እስከ 1927 የተሠራችውና ወደ 15 ሚሊዮን የሚጠጋ ቁጥር የነበራት የፎርድ ሞዴል ቲ፣ ለአብዛኛው ዕድሜዋ ታንኳ ከፊት ወንበር ሥር ነበር። ቤንዚኑ አነስ ሲልና መኪናዋ ዳገት ላይ አፍንጫዋን ቀና ስታደርግ፣ ቤንዚኑ ወደ ኋላ ይሸሽና ሞተሩ ይጠማል። ታዲያ ሾፌሮቹ ምን ያደርጋሉ? ያዞሯትና በኋላ ማርሽ ዳገቱን ይወጡታል! እስቲ ከሽሮ ሜዳ እስከ እንጦጦ ማርያም አንገቱን ቆልምሞ በኋላ ማርሽ የሚወጣ ሰው አስቡ።

ከዚያ የሞተሩን የመሳብ ኃይል ተውሳ ቤንዚን ወደ ላይ የምታወጣ ትንሽ ጣሳ መጣች። እሷም ጠባይ አላት። ረዥም ዳገት ላይ ነዳጅ እስከ መጨረሻው ሲረገጥ የመሳብ ኃይሉ ይደክማል፤ ማለትም በሚያስፈልግበት ሰዓት ይጠፋል። (እንዲህ ዓይነት ዘመድ የሌለው ሰው አለ?) ዛሬ የምናውቃት ዓይነት፣ ሞተሩ ራሱ የሚያንቀሳቅሳት ፓምፕ በብዙ መኪኖች ላይ መታየት የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጨረሻ ላይ ነው። ፎርድም በ1932 ያወጣት ባለ ስምንት ሲሊንደሯ መኪና ይችን ፓምፕ ይዛ ነበር።

አሠራሯ ለልጅም የሚገባ ነው። ሞተሩ ሲዞር ካምሻፍቱ ላይ ያለ እብጠት አንዲት ምላስ መሰል ብረት ይገፋል። ምላሷ ዲያፍራም የምትባለውን ስስ ላስቲክ ወደ ታች ትስባለች፤ ቤንዚን ከታንኩ ይመጣል። ከዚያ ስፕሪንግ ላስቲኳን ወደ ላይ ይመልሳታል፤ ቤንዚኑ ወደ ካርቡራተር ይሄዳል። አንደኛዋ ቫልቭ ታስገባለች፣ ሁለተኛዋ ታስወጣለች፤ የሄደው አይመለስም። በቃ።

እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ግን ቀጥሎ ያለው ነው። ካርቡራተሩ ሲጠግብ በሩን ይዘጋል። በሩ ሲዘጋ ስፕሪንጉ ላስቲኳን መግፋት ያቅተዋል፤ ላስቲኳ ታች እንዳለች ትቆያለች። ሞተሩ ይዞራል፣ ምላሷ በባዶ ትወዛወዛለች፣ ፓምፗ ግን ትታገሣለች። ጉልበቷም ቢሆን ከባር ሩብ ገደማ አይበልጥም። የጠገበውን «ካልጠጣህ» ብላ አታስጨንቅም። «በቃ» ሲሏት የሚገባት ዕቃ ናት።

አባቴ አስተማሪ ነበር፤ ቮልስ ነበረችው። ቮልስ እንደምታውቋት ሞተሯ ከኋላ፣ ታንኳ ከፊት ነው። ሰፈር ውስጥ ስትቆም አዲስ የመጡ ልጆች የፊት ኮፈኗን አይተው «ወይኔ፣ ሞተሯን ሰርቀውታል!» ይሉ ነበር። ታንክና ሞተር እንዲህ ከተራራቁ ያለ ፓምፕ ወዴትም አይኬድም። በዓለም ላይ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርታ የመጨረሻዋ ቮልስ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2003 ሜክሲኮ ውስጥ ከፋብሪካ ስትወጣ፣ አዲስ አበባ ያሉት ቮልሶች ወሬውን የሰሙም አይመስሉም፤ ሥራቸውን ቀጠሉ።

አባቴ መኪናዋን ሲሰጠኝ ከሊብሬዋ ጋር አንዲት የወተት ዱቄት ጣሳ ጨመረልኝ። ስከፍታት በጋዜጣ የተጠቀለለች አንዲት ዲያፍራም፣ ሦስት የወረቀት ጋስኬቶች፣ የክንድ ርዝመት ያህል የቤንዚን ጎማ፣ ሁለት የጎማ ማሰሪያና አንዲት ንጹሕ ጨርቅ አገኘሁ።

«ጨርቁ ለምንድን ነው አባዬ?» አልኩት።

«ለፓምፗ ግንባር» አለኝ። «ሲሞቃት ነክረህ ታስርላታለህ።»

የምሩን ነበር። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ግፊት ሲያንስ ፈሳሽ ቶሎ ይፈላል፤ ሽሮአችንም ሆነ ቤንዚናችን። በበጋ ፀሐይ ዳገት ወጥታ የተጨናነቀ መንገድ ላይ የቆመች መኪና ፓምፗ ውስጥ ያለው ቤንዚን ወደ ትነት ይለወጣል። ፓምፗ ደግሞ ፈሳሽ እንጂ ትነት መግፋት አልተማረችም። መኪናዋ ትቆማለች። እርጥብ ጨርቅ ቢያስሩላት፣ ሩብ ሰዓት ቢታገሧት ምንም እንዳልሆነች ትነሣለች። ይኼን የማያውቅ ሰው «ፓምፗ ሞታለች» ብሎ ደህናዋን አውልቆ አዲስ ይገዛል። በሚቀጥለው ሳምንት እዚያው ዳገት ላይ እንደገና ይቆማል። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ያሉት ወደው አይደለም።

ጣሳዋ ብዙ ዓመት አገለገለች። በመጨረሻ ፓምፗ በመጋጠሚያዋ በኩል ማላብ ጀመረች። መኪናው ውስጥ ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል። በቮልስ ሞተር ላይ ፓምፗ የተቀመጠችው እሳት ከሚያከፋፍለው ዲስትሪቢውተር ጎን ነው፤ ጠብታና ብልጭታ ጎረቤታሞች ናቸው። እንዲህ ያለውን ጉርብትና «ለነገ» አይሉትም። መካኒኬ ፓምፗን ፈታ፣ ከሥሯ ያለችውን የመግፊያ ዘንግ አወጣና ሁለቱንም ላስቲክ ከረጢት ውስጥ አድርጎ ሰጠኝ።

«ሶማሌ ተራ ሂድ» አለኝ። «ዘንጓን ግን እንዳትረሳ።»

ሶማሌ ተራን የማያውቅ ካለ፣ መርካቶ ውስጥ ያለ የመኪና መለዋወጫ መንደር ነው። አዲስ አለ፣ አሮጌ አለ፣ ከሌላ መኪና የተፈታ አለ። ስሟን የማታውቋትን ዕቃ ጫፏን በእጃችሁ እየሣላችሁ ብታስረዱ እንኳን አንዱ ጎረምሳ «እሷን ነው?» ብሎ ከጣሪያ ሥር ያወርድላችኋል። እዚያ ገበያ ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚሉ ብዙ ናቸው። እኔም ጠርጥሬ ነው የገባሁት።

የመጀመሪያው ሱቅ ውስጥ ያለው ልጅ ፓምፗን ገና ከከረጢቱ ሳላወጣ «አለ» አለኝ።

«የቮልስ ነው።»

«አለ።»

«ዓመተ ምሕረቷን አልነገርኩህም እኮ።»

«ሁሉም ይሆናል ብራዘር። ኦርጅናል ነው፤ ካርቶኑን እየው።»

ካርቶኑ እውነትም ያምራል። እኔ ግን የምገጥመው ካርቶኑን አይደለም። አመስግኜው ወጣሁ።

ሁለተኛው ሱቅ ሁለት ሰው የማያስገባ ጠባብ ነው። ቆብ ያደረጉ አዛውንት በርጩማ ላይ ተቀምጠው ሻይ ይጠጣሉ። ፓምፗን አሳየኋቸው። ዕቃ ከማምጣታቸው በፊት ጥያቄ ጀመሩ።

«ዲናሞ ናት አልተርኔተር?»

«ዲናሞ።»

«ዘንጓን ይዘሃል?»

አወጣሁላቸው። ከመሳቢያቸው ካሊፐር አውጥተው በመነጽራቸው ሥር ለኩት። «መቶ ስምንት» አሉ። ከመደርደሪያ አንዲት የምታብለጨልጭ ፓምፕ አወረዱና እጄ ላይ ሳያስቀምጡ እንደያዟት፣ «ያለኝ ይቺ ብቻ ናት። አትሆንህም» አሉኝ።

«ምነው ጋሼ?»

«ይቺ አልተርኔተር ላላት ነው። የሷ ዘንግ መቶ ሚሊሜትር ነው። ያንተ መቶ ስምንት። ስምንት ሚሊ ምን ታደርጋለች ትል ይሆናል። ዘንጉ የሚመላለሰው በጠቅላላው አራት ሚሊ ያህል ነው እኮ! ስምንት ሲረዝምባት ሆዷን ይወጋታል። ወይ ምላሷ ይሰበራል፣ ወይ ላስቲኳ ይቀደዳል።»

«እታች ያለው ልጅ ግን ‹ሁሉም ይሆናል› ብሎኝ ነበር።»

ሻያቸውን ፉት አሉና «ይሆናል፤ ለሱ» አሉኝ።

ከዚያ የእኔን አሮጌ ፓምፕ አገላበጡ። «ያንተ እኮ በብሎን የምትከፈተው ናት። ለምን ትጥላታለህ? የኋለኞቹ ናቸው ጠርዛቸው ተጨፍልቆ የተዘጋው፤ እነሱ ከተበላሹ አይከፈቱም። ያንተ ላስቲኳና ጋስኬቷ ተቀይሮ ሃያ ዓመት ትሠራለች። ኪቱ እኔ ጋ አልቋል። ከማዶ ያለውን ጎረምሳ ጠይቀው፤ እኔ ነኝ የላክሁህ በለው።»

ከማዶ ሄድኩ፤ ኪቱን አገኘሁ። ዋጋው አዲስ ፓምፕ ከሚጠይቀው ጥቂቱ ነው። አዛውንቱ ከእኔ አንዲት ሳንቲም አላገኙም። ተመልሼ «እርስዎ ምን ተጠቀሙ ታዲያ?» ብላቸው ሳቁብኝ።

«ልጄ፣ ሰው ፓምፕ የሚገዛው በስንት ዘመን አንዴ ነው። መኪናው ግን ነገ ሌላ ነገር ይሰበርበታል። ያኔ ወዴት ትመጣለህ?»

እውነታቸውን ነው። ከዚያ ወዲህ ከእሳቸው ያልገዛሁት ዕቃ የለም ማለት ይቻላል።

የሰው ልጅ ኑሮ ግን ሁልጊዜ እንዲህ በሳቅ አያልቅም። ሰፈራችን ውስጥ አንድ የላዳ ታክሲ ሾፌር አለ። ላዳ በፊያት 124 ላይ ተመሥርታ እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ ቶልያቲ ከተማ የተሠራች የሩሲያ መኪና መሆኗን ታውቃላችሁ። ሰማያዊና ነጭ ተቀብታ የስንቱን ቤት እንጀራ ጋግራለች። የእሷም የቤንዚን ፓምፕ እንደዚሁ ባለ ዲያፍራም ነች፤ ግን አንድ ብልሃት ተጨምሮባታል።

የላዳ ፓምፕ ያላት አንድ ዲያፍራም አይደለም፤ ሦስት ናቸው። የላይኞቹ ሁለቱ ሠራተኞች ናቸው፤ ቤንዚኑን የሚገፉት እነሱ ናቸው። የታችኛዋ ጠባቂ ናት። በመካከላቸው ትንሽ ቀዳዳ ያላት ቀለበት አለች። የላይኞቹ አንድ ቀን ቢቀደዱ ቤንዚኑ በጠባቂዋ ተከልክሎ በቀዳዳዋ ወደ ውጭ ይንጠባጠባል። ሾፌሩ ሽታው ይመጣበታል፣ ያቆማል፣ ያሠራል። ጠባቂዋ ባትኖር ግን ቤንዚኑ ቁልቁል ወደ ሞተሩ ዘይት ነው የሚወርደው። ሽታም የለም፣ ጠብታም የለም።

ጎረቤቴ ፓምፗ ስትደክምበት ከአንድ ሱቅ ኪት ገዛ። በፌስታል የተቋጠረ፣ ስም የሌለው ኪት ነው። ውስጡ የነበሩት ሁለት ዲያፍራሞች ብቻ ናቸው። «ሦስት አልነበሩም እንዴ?» ብሎ ሲጠይቅ ሻጩ «አዲሱ ዓይነት በሁለት ነው የሚሠራው» አለው። የገጠመለት ልጅም ለሥራው አዲስ ነበር፤ ያገኘውን ሁለቱን ገጥሞ አሮጌዎቹን ሦስቱን ጣላቸው። መኪናዋ ተነሣች። እንዲያውም ከበፊቱ የተሻለች መሰለችው።

ሁለት ወር አልሞላትም። ላስቲኩ ሲቀደድ ማንም አላወቀም። ቤንዚኑ ጠብ ጠብ እያለ ዘይቱን አቀጠነው። ዘይት ሲቀጥን ብረትን ከብረት መለየት ያቅተዋል። አንድ ቀን ማለዳ፣ ቦሌ መንገድ ላይ፣ ተሳፋሪ እንደያዘ ሞተሩ ጮኸና ዝም አለ። መካኒኩ የዘይት መለኪያ ዘንጉን አውጥቶ ከማየቱ በፊት አሸተተው። ቤንዚን ነው።

ሞተሩ ወረደ። የማሠሪያው ገንዘብ እስኪገኝ ላዳዋ ድንጋይ ላይ ተሰቅላ ሦስት ወር ከረመች። ሚስቱ እንጀራ ጋግራ ለሆቴል ማቅረብ ጀመረች። ትልቋ ልጃቸው የማታ ትምህርቷን አቋረጠች። እሱ ቀን ቀን ጋራዡ በር ላይ ቁጭ ብሎ የሌላ ሰው መኪና ሲሠራ ያያል። ኪቱን ወደገዛበት ሱቅ ሄዶ ነበር። ሻጩ አልተቆጣም፣ አልተሳደበም። ከራሱ በላይ ግድግዳው ላይ የተለጠፈችውን ወረቀት በጣቱ አሳየው። «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ትላለች።

እቺን ወረቀት ሁላችንም እናውቃታለን። ከሸሚዝ ሱቅ እስከ መለዋወጫ ሱቅ ተለጥፋለች። ሸሚዝ ከሆነ እሺ፤ ሸሚዝ ገዢ መስታወት ፊት ቆሞ መለካት ይችላል። የፓምፕ ላስቲክ ገዢ ምን ላይ ቆሞ ይለካ? ዕቃው ጥሩ መሆኑ የሚታወቀው ከወር በኋላ፣ ዳገት ላይ፣ ልጆቻችሁን ከኋላ ጭናችሁ ነው። ስለዚህ ሰውዬው ገንዘብ የከፈለው ለላስቲኩ ብቻ አይደለም፤ ለሻጩ ቃልም ጭምር ነው። ላስቲኩ አይመለስም እንበል፤ ቃሉስ?

ደግሞ ላስቲክ ሁሉ ላስቲክ አይደለም። አንዳንዱ ዕቃ ሲጠፋበት ከአሮጌ ካላማዳሪ ክብ ቆርጦ ዲያፍራም ይሠራል። ኢትዮጵያዊ ብልሃቱን አደንቃለሁ፤ ከመንገድ ላይ አንሥቶ ቤት ያደርሳል። ነገር ግን ካላማዳሪ የተሠራው አየር እንዲይዝ ነው። ቤንዚን ሲነካው ያብጣል፣ ይለሰልሳል፣ ቅርጹን ይለቃል። የጥንቶቹ ፓምፖች ዲያፍራም ቤንዚን እንዳያልፍበት ከታከመ ጨርቅ ድርብርብ ነበር የሚሠራው፤ ኋላ ቤንዚን የሚችል ሰው ሠራሽ ጎማ መጣ። ነገሩ በዚህም አላበቃም። በ2001 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ የሚመጣ ኤታኖል ቤንዚን ላይ 5 በመቶ መቀላቀል ተጀመረ፤ በ2003 ዓ.ም. ወደ 10 በመቶ አደገ። ለአገር የውጭ ምንዛሪ ያድን ይሆናል። ከዚያ በፊት ብዙ ዘመን ቀድመው የተሠሩ ላስቲኮች ግን ኤታኖልን አያውቁትም፤ አንዳንዱ ይለሰልሳል፣ አንዳንዱ ይሰነጠቃል። ሠላሳ ዓመት መደርደሪያ ላይ የከረመ «ኦርጅናል» ዲያፍራም እውነትም ኦርጅናል ሊሆን ይችላል። ግን ለየትኛው ቤንዚን? ይኼን ገዢው ሊያውቅ አይችልም። ሻጩ ማወቅ አለበት፤ ካላወቀም ማለት አለበት።

አቋራጭ አዋቂዎችም አሉ። «ምን ያደክምሃል፤ ኤሌክትሪክ ፓምፕ ግጠምና ተገላገል» ይላሉ። ለካርቡራተር ተብሎ የተሠራ፣ ጉልበቱ ዝቅ ያለ ኤሌክትሪክ ፓምፕ አለ፤ እሱ ባግባቡ ከተገጠመ ነውር የለውም። ብዙ ጊዜ የሚያመጡት ግን ከዘመናዊ መኪና ታንክ ውስጥ የተፈታውን ነው። የእሱ ግፊት ሦስት ባር ገደማ ነው፤ የድሮ ካርቡራተር ከለመደው ከአሥር እጥፍ በላይ። የካርቡራተሯ ትንሽ በር ይኼን መከልከል አትችልም። ቤንዚን ሞልቶ ትኩስ ሞተር ላይ ይፈስሳል። ሌላም አለ። የድሮዋ ፓምፕ ሞተሩ ሲቆም አብራ ትቆማለች። የኤሌክትሪኩ ግን መቁረጫ ካልተሠራለት መኪናዋ ተጋጭታ ሞተሯ ቢጠፋም ቁልፉ እስኪዘጋ ድረስ ይገፋል። «በቃ» የማይገባው እንግዳ ቤት ማስገባት ማለት ይኼ ነው።

አሁን አንዳንዱ አንባቢ «ስለ አሮጌ መኪና ይኼን ያህል ምን አደከመህ? ዘመኑ የኤሌክትሪክ መኪና አይደለም ወይ?» እንደሚለኝ አውቃለሁ። ነው። በ2012 ዓ.ም. በወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ዕድሜያቸው የገፋ ያገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ግብር ተጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተወሰነ። ጭሱ ቢቀንስ፣ አየሩ ቢጠራ ማን ይጠላል? ኤሌክትሪክ መኪና መግዛት የሚችል ይግዛ፤ እሰየው። ያቺን ሰማያዊ ላዳ ይዞ ልጆቹን የሚያሳድገው ሰው ግን ነገ ጠዋት አዲስ መኪና አይገዛም። እሱ ነገ ጠዋት የሚያስፈልገው ሦስት ዲያፍራም ያለበት ኪት ነው። አዲሱ ሲወደድ አሮጌው ዕድሜው ይረዝማል፤ አሮጌው ዕድሜው ሲረዝም ደግሞ መለዋወጫውን የሚያቀርበው ሰው ታማኝነት ከበፊቱ ይልቅ ያስፈልጋል።

የእኔን ፓምፕ የገጠመልኝ መካኒክ ሥራውን ሲሠራ አጠገቡ ቆሜ ነበር። አዲሷን ላስቲክ ዘረጋ። ብሎኖቹን በእጁ አስገባ። ከማጥበቁ በፊት ምላሷን በአውራ ጣቱ ተጭኖ ያዘ። «ላስቲኳ ተስባ እያለች ነው ማጥበቅ» አለኝ። «እንዲሁ ካጠበቅካት በመጀመሪያው ሥራዋ ትወጠርና ትቀደዳለች።» ከዚያ ብሎኖቹን በመስቀል፣ አንዱን ከወዲህ አንዱን ከወዲያ፣ ቀስ እያለ አጠበቃቸው። የዘንጉን መውጫ ለካ። አንድ ጋስኬት ጨመረ፣ እንደገና ለካ፣ አነሰበት፣ ቀነሰ። ለወረቀት ውፍረት ነው ይኼ ሁሉ።

«ይኼን ማን አስተማረህ?» አልኩት።

«ጣልያን ጋራዥ የሠራ ሽማግሌ ነበሩ።»

«አንተስ ለማን ታስተምራለህ?»

መፍቻውን በጨርቅ እየጠረገ ዝም አለ። ከዚያ ጋራዡ ጥግ ስልኩን የሚነካካ ልጅ በአገጩ አሳየኝ። «እሱን እጠራዋለሁ። አንዳንዴ ይመጣል።»

ልጁን አልፈርድበትም። ነገ ይጠፋል ለሚባል ዕቃ ማን ዕድሜውን ይሰጣል? ነገር ግን የላስቲኩ ጉዳይ ቢያልፍበትም ሌላው አያልፍበትም። ኤሌክትሪክ መኪናም ባትሪ አለው። ባትሪውም አንድ ቀን ይደክማል፤ ያኔም ገዢው በዓይኑ አይቶ የማይለየው ዕቃ ከመስታወት ወዲያ ይቀርብለታል። ያኔም አንዱ «ሁሉም ይሆናል» ይላል። ያኔም ለክቶ፣ ጠይቆ፣ አገላብጦ «አይሆንህም» የሚል ሰው ያስፈልጋል።

እኔ የምለው፣ ያቺን «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የምትል ወረቀት ማንሣት ባይቻል እንኳን ከጎኗ ሌላ ወረቀት መለጠፍ አይቻልም? ዕቃው የምን እንደሆነ፣ ለየትኛው ሞተር እንደሚሆን፣ ስንት ፍሬ ሊኖረው እንደሚገባ የምትናገር። ባለጋራዦችስ የፈቱትን አሮጌ ዕቃ ለባለንብረቱ አሳይተው፣ ከአዲሱ ጋር ቆጥረው ቢያስረክቡ ምን ይጎድልባቸዋል? ገዢዎችም ብንሆን አሮጌውን ሳንይዝ አንሂድ። ሦስት አውልቀን ሁለት አንግጠም።

ጎረቤቴ በመጨረሻ ላዳውን አስነሣት። ልጅቱም ትምህርቷን ቀጥላለች። አሁን በየጠዋቱ ሥራ ከመውጣቱ በፊት የዘይት መለኪያዋን ዘንግ መዝዞ ያሸታል። ሚስቱ «ቡና አስመሰልከው እኮ!» ብላ ትስቅበታለች። እሱ ግን ሳያሸት አይወጣም።